የመስቀል ወፍ የት ትገባለች?

ሰው ሲጠፋ «የመስቀል ወፍ ሆንክሳ!» ይባላል። በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ወዳጅ፣ ብድር ወስዶ የሚሰወር ጓደኛ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ የሚታይ አጎት፣ ሁሉም የመስቀል ወፍ ነው። እኔ ሦስት አራት አሉኝ፤ እናንተም አታጡም። ግን ጎበዝ፣ ወፏ ራሷ ከመስቀል በኋላ የት እንደምትገባ የጠየቀ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል?

የትኛዋ ናት የመስቀል ወፍ የሚለው ላይ እንኳ ስምምነት የለም። አንዱ ስለ ረጅም ጅራቷ ይነግራችኋል፣ ሌላው ቀይ ናት ይላል፣ ሦስተኛው የለም ቢጫ ናት ብሎ ይምላል። የእኔ ግምት ሦስቱም ልክ ናቸው የሚል ነው። ክረምት ሲገባ እዚሁ አገር ያሉ የተወሰኑ የወፍ ዘሮች ወንዶቹ ለሠርግ ይለብሳሉ። አንዱ ቀይና ጥቁር፣ አንዱ ቢጫና ጥቁር፣ አንዱ ደግሞ ከገላው የሚረዝም ጥቁር ጅራት። ሚስት ፍለጋው፣ ጎጆው፣ ጫጩቱ ከዝናቡ ጋር ያበቃና ልብሱ ይወልቃል። ጥር ላይ ያው ጎረምሳ ከድንቢጥ የማይለይ ቡናማ ወፍ ሆኖ እዚያው ማሳ ላይ ፍሬ ይለቅማል። እኛ ጠፋ እንላለን። እሱ አጠገባችን ነው፤ ሱፉን ነው ያወለቀው።

የሚገርመው ምን መሰላችሁ? እውነተኞቹ መንገደኞች፣ ማለትም ከሩሲያ፣ ከካዛኪስታን፣ ከፊንላንድ ተነስተው የሚመጡት ወፎች፣ የሚደርሱት በዚያው ሰሞን ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከተመዘገቡት ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ውስጥ ወደ 200 የሚጠጉት ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሚሸሹ እንግዶች ናቸው። አደይ ሲያብብ ይገባሉ፣ መጋቢት ሚያዝያ ላይ ይወጣሉ። ለእነሱ ተረት የለንም። ለብዙዎቹ ስምም የለን።

ይህን የነገረኝ አስጎብኚ ጓደኛዬ ነው። አስጎብኚ ነው ስል ነበር ለማለት ነው። በ2012 ኮሮና መጣ፣ ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ቱሪስቱ ቀረ። ለጓደኛዬ ከደግ ዘመን የተረፈው አንድ ፈረንጅ ትቶለት የሄደ የሩቅ ማያ መነጽርና ከመቶ በላይ የወፍ ስም በእንግሊዝኛ ነው። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ «ነይ ወደ ቢሾፍቱ እንሂድ፣ ምሳ ባንቺ» አለኝ። (ምሳው በእኔ መሆኑ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልተብራራልኝም።)

ቢሾፍቱ ሲባል ሁላችንም የሚታየን ሪዞርት ነው፤ ኩሪፍቱ፣ ባቦጋያ፣ ሆራ፣ የአሣ ጥብስ፣ ሰልፊ። ጓደኛዬ የወሰደኝ ግን ማንም ሰልፊ ወደማይነሳበት ወደ ጨለለቃ ነው። ጨለለቃ እንደሌሎቹ የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ጥልቅ ውኃ አይደለም። ዝርግ ነው፤ ክረምት ይሞላል፣ በጋ ይጎድላል፣ ዳር ዳሩ ጭቃና ሣር ነው። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ኩሬ ነው። ለወፍ ግን ከሪዞርቱ ሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም እግሩ የሚደርስበት ውኃ፣ አፉ የሚገባበት ጭቃ ያለው እዚህ ነው።

ላሞች ጉልበታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው ይግጣሉ። በእያንዳንዷ ላም እግር ሥር ጅራታቸውን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉ ቢጫ ወፎች ይሯሯጣሉ፤ ላሟ ስትራመድ የምትቀሰቅሰውን ዝንብ ነው የሚለቅሙት። አንዷ ከ20 ግራም ብዙ አትበልጥም። ራቅ ብሎ ዳክዬዎች አሉ፤ አንደኛው ዓይነት አፉ እንደ ማንኪያ የተዘረጋ፣ ሌላኛው ጅራቱ እንደ መርፌ የሾለ። ጓደኛዬ ከሰሜን የመጡትን በጣቱ እየቆጠረ ያሳየኛል። አጠገባችን የቆመ አሥር ዓመት የማይሞላው እረኛ «ኬሱማ ነው» አለን፤ በኦሮምኛ እንግዳ ማለት ነው። የመጡበትን አገር ስም አያውቅም፤ አመጣጣቸውን ግን ያውቃል። ኢሬቻ ሲደርስ ይመጣሉ፣ ሙቀቱ ሲበረታ ይሄዳሉ አለን። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የማላውቀውን እሱ ከብት ሲጠብቅ ጨርሶታል።

ከዚያ የተለመደው መጣ። ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ከተማ ናት፤ መነጽር ዓይኑ ላይ ደቅኖ የቆመ ሰው ወፍ እያየ ነው ብሎ የሚያምን የለም። ከአንድ ግቢ በር ላይ አንድ ጥበቃ ቀስ እያለ ወደ እኛ መጣ።

«እህቴ፣ ምንድነው በዚህ የምታዪው?»

«ወፍ።»

«ወፍ በዓይን ይታያል እኮ።»

ጓደኛዬ ልምድ አለው፤ ክርክር ውስጥ አይገባም። «ጋሼ፣ እርስዎም ይዩበት» ብሎ መነጽሩን ሰጣቸው። ጋሼ አዩ። ዝም አሉ። ደግመው አዩ። ወደ ግራ ዞሩ፣ ወደ ቀኝ ዞሩ፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል መነጽሩን አልመለሱም። በመጨረሻ «እቺ ቢጫዋ ስሟ ማን ነው?» አሉን። ተያየን። ጓደኛዬ የእንግሊዝኛውን ስም ነገራቸው። «እሱንማ ፈረንጁ ይጥራት፤ የኛን ነው የጠየቅኳችሁ» አሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ስልካችሁ ላይ ሜርሊን የሚባል የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አፕ መጫን ትችላላችሁ። በነጻ ነው፤ ፎቶ ስታሳዩት ወይም ድምፅ ስታሰሙት የወፏን ስም ይነግራችኋል። የሚነግራችሁ ግን በአማርኛ አይደለም። አማርኛ ወፍ አያጣም፤ ንስር፣ ጭልፊት፣ ጆፌ፣ ቁራ፣ ጉጉት፣ ድንቢጥ፣ ዋኔ፣ እርግብ፣ ቆቅ፣ ጅግራ፣ ሽመላ፣ ሳቢሳ፣ አባ ኮዳ። ዝርዝሩን ልብ ብላችሁ እዩት። ጫጩት የሚነጥቀን ስም አለው፣ ወጥ የምንሠራው ስም አለው፣ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የገባ ስም አለው፣ መልኩ የሚያስቅ ስም አለው። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ «ወፍ» ነው። ነቢዩ ኤርምያስ ሽመላ ወቅቷን ጠብቃ እንደምትመጣና እንደምትሄድ ከጻፈ ስንት ሺህ ዓመት አለፈው፤ እኛም ሽመላን ያወቅናት በእሱ በኩል ይመስለኛል። ገጠር ውስጥ፣ በተለይ በኦሮምኛ፣ ብዙ ስም እንዳለ የእረኛው ልጅ ዓይነቶቹ ነግረውናል። እኛ ከተሜዎቹ ነን ባዶ የቀረነው።

ስለዚህ እኔና ጓደኛዬ አንድ ደብተር ገዝተን ስም ማውጣት ጀመርን። ቢጫዋ «የላም ሎሌ» ሆነች። ማንኪያ አፉ ዳክዬ «ጭልፋ» ተባለ። ጋሼ ጥበቃው «የላም ሎሌ»ን ሲሰሙ ሳቁና አጸደቁ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር ስናልፍ የሚጠይቁን መታወቂያ ሳይሆን ደብተሩን ነው።

አሁን ወደ አዳማ ልምጣ። አዳማ ሐይቅ የላትም፤ ይኸ ነው የሚባል መናፈሻም የላትም። ያላት አቧራና ንፋስ ነው። ለካስ ትልቁ ነገር ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

በጋ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ሜዳ ላይ የሚነሳውን የአቧራ አዙሪት ታውቁታላችሁ፤ ልብስ ካሰጣችሁበት ገመድ ላይ ነቅሎ የሚሄደውን። ያ አዙሪት የሚፈጠረው መሬቱ ሲግል ከላዩ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ስለሚምዘገዘግ ነው። አቧራ ባይኖርም አየሩ ይወጣል፤ አይታየንም እንጂ። ንስር ግን ያገኘዋል። ክንፉን ዘርግቶ ይገባበታል፣ ሳያርገበግብ እየዞረ ነጥብ እስኪያህል ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ይንሸራተታል፣ ከፍታው ሲያልቅ ሌላ ሙቅ አየር ይፈልጋል። እንዲህ እያለ ነዳጅ ሳይፈጅ ሺህዎች ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ችግሩ ባሕር ላይ ነው፤ ውኃ እንደ መሬት ስለማይግል ባሕር ላይ እንዲህ ዓይነት ሊፍት የለም። ስለዚህ እነዚህ ትልልቅ ወፎች ባሕሩ የሚጠብበትን ቦታ ይፈልጋሉ፤ ከዚያም ስምጥ ሸለቆውን ይከተላሉ።

ከአረቢያ ወደ እኛ የሚጠበው ቦታ ባብኤል መንደብ ነው፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። በ1987 እ.ኤ.አ. መኸር ላይ እንግሊዛውያን የወፍ ተመልካቾች ጅቡቲ ዳርቻ ቆመው ከየመን የሚሻገሩትን አዳኝ ወፎች ቆጥረው ነበር። ጥቅምትና ኅዳር ውስጥ ወደ 250 ሺህ የሚጠጋ ቆጠሩ። ከ75 ሺህ በላዩ አንድ ዓይነት ንስር ነው፤ የእስያ ሜዳ ንስር እንበለው፤ ከሩሲያና ከካዛኪስታን ሜዳ የሚመጣው። ከፊሉ ጅቡቲን አልፎ ወደ አፋርና ወደ አዋሽ ሸለቆ ይወርዳል። ከፊሉ በእኛ ሰማይ ላይ ያልፋል፤ እኛ ባጃጅ ስንጠብቅ፣ ሂሳብ ስንከፋፈል።

ይህን ያነበብኩ ቀን ማታ ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። መንገር አልነበረብኝ ይሆናል፤ ግን ነገርኳት። ምክንያቱም ወንድሜ በ2007 ዓ.ም. የወጣው በዚያው በር ነው። እሱ የሄደው ወፎቹ ከሚመጡበት አቅጣጫ ተቃራኒውን ነው፤ ከእዚህ ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በሌሊት ጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ በእግር ወደ ሳዑዲ። ባብኤል መንደብ በአረብኛ የእንባ በር ማለት ነው አሉ። ወንድሜ ስለ ጀልባው አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም። ለበዓል ይደውላል፤ ሲደውል እናቴ ስልኩን ተቀብላ መጀመሪያ የምትለው «አንተ የመስቀል ወፍ!» ነው።

ቡና እያፈላች ነበር። ወሬውን እስከ መጨረሻ ሰማችኝ።

«በየመን በኩል ነው የሚመጡት?»

«አዎ እማዬ። ውኃውን ቀን ተሻግረው።»

ትንሽ ዝም አለች።

«ይበላሉ? ደህና ናቸው?» አለችኝ።

ደህና ናቸው አልኳት። ስኒውን ሰጠችኝ፤ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። በማግስቱ ግን በረንዳ ላይ ቆማ ቀና ስትል አየኋት።

ደህና መሆናቸውን ግን እርግጠኛ ሆኜ አልነበረም የነገርኳት። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያንን ንስር ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ፣ መርዝ የተቀባ ሬሳ አለ፣ የትውልድ ሜዳው መታረስ አለ። አንዱ ምክንያት ግን አዳማ ለሚኖር ሰው በመስኮት ይታያል።

ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ስትመጡ አዳማ ልትገቡ ስትሉ ተራራው ላይ የተሰለፉት ነጫጭ የንፋስ ተርባይኖች አሉ አይደል? የመጀመሪያው ዙር 34 ተርባይን፣ 51 ሜጋ ዋት ነው። በ2007 ዓ.ም. የተጨመረው ሁለተኛው ዙር 102 ተርባይን፣ 153 ሜጋ ዋት። ቆንጆ ናቸው። ሙሽሮች ፎቶ ይነሱባቸዋል። እኔም እወዳቸዋለሁ፤ ይህን የምጽፍበት ላፕቶፕ ምናልባት ከእነሱ በመጣ መብራት ነው የተሞላው፤ ንፋስ ቢታክስ ኖሮ አዳማ ሀብታም ነበረች። ግን አስቡት፤ ንፋስ ያለበት ገመገም ተርባይን ለሚተክል መሐንዲስ የሚጥመውን ያህል ከፍታ ለሚፈልግ ንስርም ይጥመዋል። ንስሩ ሲበር የሚያየው ወደ ታች ነው፤ ምግብ ያለው እዚያ ነዋ። ከፊቱ የሚዞር ክንፍ ይኖራል ብሎ እንዲጠብቅ የተፈጠረ አይደለም። ደግሞ በዓመት የሚጥለው ሁለት ሦስት እንቁላል ነው፤ ለመውለድም ዓመታት ይፈጅበታል። እንደ ዶሮ በቶሎ አይተካም።

መፍትሔው ተርባይኑን መንቀል አይደለም። በደቡብ ስፔን፣ ካዲዝ በሚባለው አውራጃ፣ በጆፌ መንገድ ላይ የተተከሉ ብዙ ተርባይኖች አሉ። እዚያ ሰው መነጽር ይዞ ይቆማል፤ አሞራዎቹ ወደ አንዱ ተርባይን ሲቃረቡ ይደውላል፤ ያ ተርባይን ብቻ ለጥቂት ደቂቃ ይቆማል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት እንደሚለው የሚሞቱት ጆፌዎች ቁጥር በግማሽ ቀነሰ፤ የቀነሰው የኤሌክትሪክ ምርት ደግሞ 0.07 በመቶ ነበር። መቶኛ አይደለም፣ የመቶኛ ፍርፋሪ። ግብፅም በስዊዝ ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ ገበል ኤል ዘይት ላይ፣ በራዳርና በሰው ዓይን ይህንኑ ትሠራለች። የሚገርመው በፀደይ ወደ ሰሜን ሲመለሱ ብዙዎቹ ንስሮች የሚያልፉት በዚያ በኩል ነው፤ በመጡበት አይመለሱም። እንግዲህ አንዱን ወፍ ግብፅ ስትጠብቀው እኛ ምን እናድርግ?

ጓደኛዬን አየሁት። መነጽር አለው። ወፍ ይለያል። ሥራ የለውም። የአዳማ ገመገም ላይ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ከዚያ ደግሞ በየካቲትና መጋቢት የሚቆምና የሚደውል ሰው ደሞዝ ስንት ቢሆን ነው? ይህን ስነግረው «የመጀመሪያ ደሞዜ ምሳ ያንቺ» አለኝ። በታሪኩ የመጀመሪያው ግብዣ ይሆናል።

ከአዳማ ወደ ደቡብ መሄድ ለሚችል ሰው ደግሞ ቆቃ አለ። ከጦርነት ካሣ በተገኘ የጣልያን ገንዘብ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ያለቀው ግድብ ነው፤ እምቦጭ አገራችን ውስጥ ቀድሞ ከታየባቸው ውኃዎች አንዱም እሱ ነው። ከቆቃ አልፎ ባቱ አለ፤ የድሮዋ ዝዋይ። የባቱ ወደብ ላይ ጠዋት ብትደርሱ መነጽር አያስፈልጋችሁም። ዓሣ አስጋሪዎቹ ቢላቸውን ሲያወጡ አባ ኮዳዎች እንደ ጡረተኛ ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይሰለፋሉ፤ ፔሊካኖቹ ከእግራችሁ ሥር አፋቸውን ይከፍታሉ። ቱሪስቱ ይስቃል፣ ቪዲዮ ይቀርጻል። እኔ ግን ከጓደኛዬ አንድ ነገር ከሰማሁ በኋላ እንደ ድሮው አልስቅም። ድሮ ፔሊካኖቹ ጎጇቸውን ሻላ ሐይቅ መሐል ባለች ደሴት ላይ ይሠሩና ዓሣ የሚያጠምዱት ጎረቤት አቢጃታ ላይ ነበር። የቡልቡላን ውኃ መስኖው ቀነሰው፣ ከሐይቁ ደግሞ ለሶዳ አሽ ተቀዳ፤ አቢጃታ ሸሸ፣ ጨው ሆነ፣ ዓሣው አለቀ። የቀረለት እንግዳ ፍላሚንጎ ነው። ባቱ ላይ አፉን ከፍቶ የሚለምነው ፔሊካን ስደተኛ ነው፤ ከሩቅ አልመጣም፣ ከጎረቤት ነው የተፈናቀለው።

ወፍ ለማየት ግን ባቱ ድረስ መሄድ ግዴታ አይደለም። በእኔ ልምድ የአዳማ መናፈሻ ማለት የቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ዛፍ የሚቆረጥበት ከተማ ውስጥ ዛፍ የማይቆረጥበት ግቢ እሱ ነው። ቅዳሴ ሲያልቅ ነጠላችሁን ሳታወልቁ ወይራው ሥር አምስት ደቂቃ ቁሙ። ቅጠል ለቅጠል የምትዘል፣ 10 ግራም እንኳ የማትሞላ አረንጓዴ ቢጫ ነገር ታያላችሁ። አንዳንዷ ከሳይቤሪያ ነው የመጣችው፤ ሌሊት ሌሊት እየበረረች። ለእሷ ያወጣንላት ስም «ተሳላሚ» ነው። መስከረም ማብቂያ ላይ ደግሞ ጆሯችሁን ብቻ ስጡ፤ ከሰማይ እንደ ትንሽ ፊሽካ ያለ ድምፅ ሲወርድ ቀና በሉ፤ ሰማያዊ ሆዳቸው የሚያበራ ንብ በሎች በቡድን ያልፋሉ። የጥቅምት መግቢያ አካባቢ፣ በፈረንጆቹ የኦክቶበር ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ዓለም አቀፍ የስደተኛ ወፎች ቀን ነው። ዘንድሮ እኔና ጓደኛዬ ቀኑን ያከበርነው በሁለት ሳምቡሳ ነው።

ይህን የምጽፈው ኅዳር ሲገባ ነው። ትናንት ማታ የቢሾፍቱው ጋሼ ደወሉልን። ሽምብራው ማሳ ላይ አዲስ እንግዳ ገብቷል አሉ። ግራጫ፣ ቁመታቸው ከበግ የሚበልጥ፣ አንገታቸው ረጅም፣ አናታቸው ላይ ቀይ ነጥብ ያለባቸው፣ እየጮሁ በሰልፍ የሚበሩ። ጓደኛዬ ስልኩን ሳይጨርስ አወቃቸው፤ ኢስቶኒያ ላይ መከታተያ ታስሮላቸው ኢትዮጵያ ድረስ የተከተሏቸው ወፎች ናቸው፣ ክሬን ይባላሉ አለ። ጋሼ አልተዋጠላቸውም። «ክሬንማ እዚህ ኮንዶሚኒየሙ ላይ ቆሟል፤ ሌላ ስም አምጡ» አሉ። ቅዳሜ ደብተሩን ይዘን እንሄዳለን። ጓደኛዬ «ሰልፈኛ» ይበሉ ባይ ነው፤ እኔ «የሽምብራ ንግሥት» ብያለሁ፤ እናቴ ደግሞ ስልኩን ሰምታ ከጓዳ የራሷን ስም ልካለች፤ እሱን ጋሼ ሳያጸድቁት አልነግራችሁም።